ቬርና ያበደረቻቸው ሁለት ሰዎች

መኪናዬ አልነሳ ያለችኝ በኮከሱ፣ በፓርቲው የእጩ መምረጫ ስብሰባ ማግስት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ጠዋት፣ ሱፐርማርኬቱ ደጃፍ ላይ ነው። ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች እንጂ ሌላ ድምፅ የላትም። ወተቱና እንቁላሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ግንባሬን መሪው ላይ ደፍቼ ሳለሁ መስኮቱ ተንኳኳ። ቀና ስል ቬርና ሆልትካምፕ ናት። ጆሮዋን የሚሸፍን ቆብ አጥልቃ፣ የባትሪ ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትስቃለች።

«ጸሎት ከሆነ ልጠብቅሽ፤ ባትሪ ከሆነ ግን ኮፈኑን ክፈቺው» አለችኝ።

ቬርናን በኬልሰን የማያውቃት የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ዛሬ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነውንም፣ እስር ቤት ደርሶ የተመለሰውንም፣ ሁለቱንም በልጅነታቸው «አርፈህ ተቀመጥ!» ያለቻቸው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ፖለቲካ ነው። በየአራት ዓመቱ፣ ፕሬዝዳንት መሆን ያማረው ሁሉ ወደ ክፍለ ግዛታችን ወደ አይዋ ሲጎርፍና አሳማ ቤታችን ድረስ ገብቶ እጃችንን ሲጨብጥ፣ ቬርና ከመካከላቸው አንዱን ትመርጥና የቀበሌያችን የቡድን መሪ ትሆንለታለች።

ገመዱን ከእሷ ፒካፕ ወደኔ መኪና አያያዘችና «ይሄ ባትሪ እንደ ሴናተሬ ነው፤ ቶሎ አይነሳም። ነይ እስኪሞላ እኔ ዘንድ ሙቂ» አለችኝ። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እኔ በዋዜማው ምሽት የሥራ ተራዬ ስለነበረ ኮከሱ ላይ አልተገኘሁም። የደረሰኝ ወሬ ግን ለእሷ የሚያስደስት አልነበረም። ሴናተር ዊትኮም በኛ ቀበሌ አንድም ተወካይ አላገኘም። ስምንት ወር ሙሉ በር ለበር ስትዞርለት የከረመችው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ የለቅሶ ቤት ፊት አበጅቼ «አዘንኩ ቬርና» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሴናተሩ ነዋ። ላንቺም።»

«ኧረ ተይኝ!» አለችና ጓንቷን አውልቃ ጭኗ ላይ ጣለችው። «ትናንት እንደተኛሁት አራት ዓመት ሙሉ ተኝቼ አላውቅም። ጎኔን እንዳሳረፍኩ ነጋ። ድመቷ ርቧት ፊቴን ባትቧጥጠኝ ይሄኔም አልነቃም ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው።

በኛ ዘንድ የፓርቲው ሰው እጩውን የሚመርጠው ሳጥን ውስጥ ወረቀት ጥሎ ሳይሆን በእግሩ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ በር ይዘጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ፣ የሚደግፈው እጩ ስም የተለጠፈበት ጥግ ሄዶ ይቆማል፤ ባልና ሚስት፣ ሐኪምና በሽተኛ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ። በአዳራሹ ካለው ሰው ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያልሞላ ቡድን ይፈርሳል፤ ሰዎቹም ሌላ ጥግ ይፈልጋሉ። ገበያው የሚደራው ያኔ ነው። አንዱ በግራ ክንድህ፣ ሌላው በቀኝ ክንድህ ይጎትትሃል።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ያው ሴናተር ዊትኮም ለመጀመሪያ ጊዜ በተወዳደረበት ምሽት፣ አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ሰው ነበር። ቀበሌው ወደ ፓርቲው ጉባኤ የሚልከው ስድስት ተወካይ ነው፤ ስለዚህ አሥር ሰው አንድ ተወካይ ያስገኛል። በአሥር በአሥር ተቆጥሮ የሚተርፈው አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ሙሉ አሥር ይያዛል፤ ከዚያ ካነሰ ይጣላል። ቬርና ሃያ ስድስት ሰው ሰበሰበች። ከፊት ለፊቷ ጥግ፣ የአንድ አገረ ገዥ ቡድን መሪ ሆና የቆመችው የወንድሟ ሚስት ማርሊስ ደግሞ ሃያ ሰባት። ቀሪዎቹ ሰባት ሰዎች ዶክተር ላንግ የሚባል ሦስተኛ እጩ ነበራቸው። ዘጠኝ ካልሞሉ ይፈርሳሉ።

«ማርሊስን ታውቂያት የለ?» አለችኝ ቬርና።

«ማን የማያውቃት አለ?»

«ወንድሜን ካገባችበት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አሸንፌያት አላውቅም። በፓይ ውድድር ሦስት ጊዜ ረትታኛለች፤ ያውም በእናቴ አሠራር! ታዲያ ያን ቀን በፊቴ እየተንጎራደደች 'ቬርናዬ፣ የዶክተሩ ሰባት ሰዎች ወደኔ ናቸው፤ ወንበር አዘጋጃለሁ ብለሽ እንዳትደክሚ' አለችኝ። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ።»

ኮከስ ውስጥ ያደገ ሰው የሚያውቀው አንድ ብልሃት አለ። እኛ ማበደር እንለዋለን። ከራስህ ቡድን ጥቂት ሰው ቆርሰህ ሊፈርስ ወዳለው ቡድን ትልካለህ። ያ ቡድን እንደምንም በእግሩ ይቆማል፤ ሰዎቹም ወደ ተቀናቃኝህ አይሄዱም። ታዲያ የሚሠራው በምስጢር ሲሆን ብቻ ነው።

ቬርና ኦርሊን ቲደማንን ፈለገችው። ኦርሊን ያኔ የሰባ ሰባት ዓመት ገበሬ ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት በየኮከሱ የሰው ራስ ሲቆጥር የኖረው እሱ ነበር። እሱ የቆጠረውን ደግሞ የሚቆጥር አልነበረም።

«ኦርሊን፣ ሊዮናን ይዘህ ዶክተሩ ጥግ ቁምልኝ» አለችው በጆሮው። ሊዮና ሚስቱ ናት።

«እኔ? ዶክተሩ ጥግ?»

«ዘጠኝ እንዲሞሉ ነው። ማርሊስ ሰባቱን እንዳትወስድብን።»

«ቆጥረሻል?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የልጅ ራስ ስቆጥር የኖርኩትን ሴት ቆጥረሻል ትለኛለህ?»

«እሺ፣ እሺ።»

«ደግሞ ለማንም እንዳትተነፍስ። የኛ ሰዎች ከሰሙ ይበጠበጣሉ።»

«ለማን እተነፍሳለሁ» አለና ሚስቱን ክንዷን ይዞ አዳራሹን አቋረጠ።

ቬርና እዚህ ላይ ቆም ብላ በመስኮቱ ጉም ላይ በጣቷ ቁጥር ጻፈችልኝ። ሁለቱ ሲሄዱ ዶክተሩ ዘጠኝ ሞላ፤ አንድ ተወካይ አገኘ። ማርሊስ በሃያ ሰባት ሰው ሦስት። ቬርና ግን ከሃያ ስድስት ወደ ሃያ አራት ወርዳለች፤ አራቱ ትርፍ ተጣለ፤ ሁለት ብቻ።

«ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮስ?» አለችኝ። «ሃያ ስድስት ነው፤ ሦስት ተወካይ። ማርሊስ ሰባቱንም ጠራርጋ ብትወስድ ሠላሳ አራት፤ ያው ሦስት! እኩል እንወጣ ነበር። የሷን ስቆጥር የራሴን ረሳሁ። እንዲህ ያለ ጅልነት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰው ይሳሳታል» አልኳት።

«ስህተቱማ ይሳቅበታል። እኔን የበላኝ ቀጥሎ ያለው ነው።»

ውጤቱ ሲነበብ የሴናተሩ ሰዎች ክው አሉ። ወዲያው አንዱ፣ ግሌን የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ፣ ጣቱን ቀስሮ «ኦርሊን ነው የከዳን! ሚስቱን ይዞ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ ወደ ኦርሊን ዞረ። ኦርሊን ደግሞ ወደ ቬርና።

«እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? ወረቀት ኩባያ መልቀም ጀመርኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ከየጠረጴዛው። የሞላውንም ጭምር ለቀምኩት።»

ኦርሊን ቃሉን ሰጥቷልና አልተነፈሰም። በሳምንቱ ቆጠራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርስ በሚበሉበት ካፌ «ኦርሊን፣ ዛሬ በየትኛው ጥግ ነህ?» የሚል ቀልድ ተለመደ። ቀልዱ ሲደጋገም እሱ መምጣቱን ተወ። በሚቀጥለው ዓመት ሊዮናም የመዘምራኑን ቡድን ተወች። ቬርና ሱፐርማርኬት ውስጥ ቆቡን ከሩቅ ካየች ወደ ውሻ ምግቡ መደርደሪያ ትታጠፋለች። ውሻ የላትም።

«ቤቱ ሄደሽ ብትነግሪውስ?» አልኳት።

«ለእሱማ ምን እነግረዋለሁ፤ እሱ ያውቀዋል! መናገር የነበረብኝ ለሌሎቹ ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ በረዶው መጣ፤ ሄደ፤ መጣ። ነገር ደግሞ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል።»

ባለፈው ሰኔ ሴናተሩ እንደገና ሊወዳደር መጣ። ከዋናው ጽሕፈት ቤት ኮርትኒ የምትባል የሠላሳ ዓመት ሴት አስተባባሪ ተላከች። ፈጣን፣ ብርቱ፣ ከካሊፎርኒያ የመጣች፣ በረዶ ላይ በስስ ጫማ የምትሄድ። ለቬርና በር የምታንኳኳባቸውን ሰዎች ዝርዝር ሰጠቻት። ከየስሙ ጎን አጭር ማስታወሻ አለ። «ውሻ አለ፤ በጓሮ በር ግቢ።» «እራት ሰዓት አትደውዪ።» «ስለ ጉልበቱ ጠይቂው፤ ይወዳል።» ኦርሊን ቲደማን ከሚለው ጎን ግን አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «የማይታመን።»

«ማነው ይሄን የጻፈው?» አለቻት ቬርና።

«ካለፈው ምርጫ የመጣ ነው። መዝገቡ ዝም ብሎ ይወራረሳል።»

«አጥፊው።»

«በምን ማስረጃ?»

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አለችና ታሪኩን ነገረቻት። ኮርትኒ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋ ግን ሥራዋ ነው። «ቬርና፣ እለምንሻለሁ፣ ከኮከሱ በኋላ ንገሪያቸው። በዚህ ቀበሌ ያለን ሰው አፋፍ ላይ ነው። መሪያቸው ራሷ አታላይ ነበረች ከተባለ አንሞላም» አለቻት። ቬርናም እሺ አለች። እሺ ማለቱን ለምዳዋለች።

ትናንት ማታ ሰማንያ ሰው መጣ። ለመቆም አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ኦርሊንና ሊዮናም መጥተው ነበር፤ ያመጣቻቸው ማርሊስ ናት። ዘንድሮ የአንዲት የኮንግረስ አባል ቡድን መሪ ሆናለች፤ ኦርሊንን ቤቱ ድረስ ሄዳ ለምናዋለች። ኦርሊን ከዳር ወንበር ላይ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

ሰው ወደየጥጉ ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱ መሪ ስለ እጩው ሁለት ደቂቃ ይናገራል። ቬርና ኮርትኒ የጻፈችላትን ወረቀት ይዛ ተነሳች። ስለ ጤና መድን፣ ስለ ገበሬ፣ ስለ ሴናተሩ እናት። አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበች። ሁለት ባዶ ወንበሮቹን አየች። ወረቀቱን አጠፈችው።

«ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም» አለችኝ። «ብቻ 'ኦርሊን አልከዳም፤ እኔ ነኝ የላክሁት' አልኩ። 'ሂሳቡን ያበላሸሁት እኔ፣ ዝም በል ያልኩት እኔ፣ ስትሰድቡት ኩባያ ስለቅም የነበርኩት እኔ' አልኩ። ከዚያ ሁለት ደቂቃዬ አለቀ። ሴናተሩን ስሙን እንኳ አልጠራሁም!»

ግሌን «ታዲያ አራት ዓመት ምን ስትጠብቂ ነበር?» አላት።

«ድፍረት» አለችው።

ማርሊስ ደግሞ ከወዲያ ጥግ እጇን አጣምራ «ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ ቅስቀሳ?» አለች።

ሰው ወደየጥጉ ሄደ። የሴናተሩ ሰዎች ሲቆጠሩ አሥር። ከቬርና ሰዎች ሦስቱ ከንግግሯ በኋላ ተነስተው ሌላ ጥግ ሄደዋል። ሁለት ሰው ጎደላት፤ ሠላሳ ደቂቃ ተሰጣት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ኮርትኒ ናት፤ ተመልካች ስለሆነች ከግድግዳው ሳትነቃነቅ መልእክት ልካለች፤ «ኦርሊንና ሚስቱ። አሁን ሂጂ፤ ልቡ ተነክቷል።»

ማርሊስ ስልኩንም፣ የቬርናን ዓይንም አይታለች። «ይኸው!» አለች ጮክ ብላ። «የይቅርታው ዋጋ ታወቀ፤ ሁለት ሰው!»

ቬርና ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሴትየዋ ክፉ ናት፤ ግን እውነቷን ነው። ሄጄ ብለምነው ያ ሁሉ የተናገርኩት ንግድ ይሆናል። ኦርሊንም ዕድሜ ልኩን 'ፈልጋኝ ነው' ይላል። ባልለምነው ደግሞ አብረውኝ የቆሙት ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ ስምንት ወር በፀሐይና በበረዶ የተንከራተቱ። እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ሰዓቱን ብቻ አያለሁ።»

አሥር ደቂቃ ሲቀር ኦርሊን ተነሳ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዳሌው ተቀይሮለታል፤ ያን አዳራሽ አቋርጦ እስኪደርስ ቬርና ያስተማሯትን ጸሎት ሁሉ ደገመች። መጣና ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን ትሪ ገለጠ። በኦቾሎኒ ቅቤና በቸኮሌት የሠራችው ጣፋጭ ነው።

«ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

አንዱን ገመጠ። ቀስ ብሎ አላመጠ። «ሁለት ሰው ጎደላት ይላሉ።»

«ጎድሎኛል።»

«ታዲያ አትለምኚኝም?»

«አልለምንህም፣ ኦርሊን።»

«ደግ። ብትለምኚኝ ኖሮ ይሄን ትሪ ራስሽ ላይ ነበር የምደፋው።»

«እና... ልትመጣልኝ ነው?»

«ወዴት?» አለ ተገርሞ። «ወደዚያ ሴናተር? ሰውየው በቆሎና አረም አይለይም! ባለፈውም አልወደድኩትም፤ አንቺን ብዬ ነው የቆምኩት።» ከዚያ ለሊዮና አንድ ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልሎ አነሳ። «ቅዳሜ ካፌ እመጣለሁ። ቁርሱን የምትጋብዢኝ አንቺ ነሽ፤ የአራት ዓመቱን።»

«እሺ።»

«ከነቤከኑ።»

ሠላሳ ደቂቃው አለቀ፤ የሴናተሩ ቡድን ፈረሰ። ቬርና አብረዋት የቆሙትን አንድ በአንድ አቅፋ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አንዷ ብቻ ተቀይማ ቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እሷን ዛሬ ከሰዓት ቤቷ ድረስ ልትሄድላት ነው። ከዚያ ራሷ የሚቀራት ጥግ አንድ ብቻ ሆነ።

«ማርሊስ ጥግ?» አልኳት ሳቄ አምልጦኝ።

«ማርሊስ ጥግ! ምን ብላ እንደተቀበለችኝ ታውቂያለሽ? 'ጫማሽን ጥረጊና ግቢ' አለችኝ። ግን ወንበሯን ለቀቀችልኝ።»

የመጨረሻው ቆጠራ ሲደርስ ሊቀመንበሯ የሚቆጥር ሰው ጠየቀች። ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው ግሌን ነው። «ኦርሊን ይቁጠር» አለ፤ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። የተቃወመ የለም። ኦርሊን ካፖርቱን አወለቀና በጣቱ እየጠቆመ መዞር ጀመረ። ቬርና ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «ይቺን ቆጥሬያታለሁ» አለ ለአዳራሹ። «ግን የሚበደራት ካለ አሁኑኑ ይናገር።»

«አዳራሹ ፈነዳ» አለችኝ ቬርና። «እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ። ማርሊስ ናፕኪን እየሰጠችኝ 'አትናፈጪብኝ፤ ካሜራ አለ' ትለኛለች።»

«ዝርዝሩ ላይ ያለችውስ ቃል?» አልኳት።

«ዛሬ ጠዋት ኮርትኒ ሻንጣዋን ስትጭን ደረስኩባት። ወደሚቀጥለው ክፍለ ግዛት ልትሄድ ነው። 'መጀመሪያ ክፈቺው' አልኳት። በዓይኔ እያየሁ አጠፋችው። 'ባዶ አይሆንም፤ የሆነ ነገር ልጻፍ' አለችኝ።»

«ምን አጻፍሻት?»

«'ጣፋጭ ይወዳል።'»

ወርደን መኪናዬን ሞከርኳት። አንዴ አጉረመረመች፤ ተነሳች። ቬርና ገመዱን ነቅላ እየጠቀለለች ሳለ አንድ ነገር ከነከነኝና መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። ስምንት ወር የለፋችለት ሰው ነው፤ ሴናተሩ ሲሰማ አይቀየምም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ይቀየም» አለች፤ ኮፈኔን በመዳፏ ጧ አድርጋ ዘጋችው። «እሱ ገና አርባ ዘጠኝ ክፍለ ግዛት ይቀረዋል። እኔ ያለችኝ ይቺው ኬልሰን ናት።»